የእንጨቱ እንቁላል

ለአባቴ፣

ከሁሉ በፊት ስለ ጤናህ እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? የምታድርበት ክፍል መስኮት ተገጠመለት ወይስ አሁንም በላስቲክ ነው የተሸፈነው? ለሰው ቤት መስኮት እየሠራህ አንተ በላስቲክ ማደርህን ባሰበችው ቁጥር እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። እኛ ደህና ነን። "ደህና ነን" ብሎ መጻፍ ወግ ስለሆነ ጻፍኩት እንጂ፣ ትናንት እማዬ ሾርባው ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምራ፣ ሁለታችንም ምንም ሳንል ጠጥተን ተነሣን። ይህ ደህንነት ከሆነ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጣውላ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ነገ ማለዳ እናንተ ወደምትሠሩበት የግንባታ ቦታ ይወጣል። "ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል? የፍቅር ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበለው? ስደውልልህ "ደህና፣ እሺ፣ በርታ" ብለህ ትዘጋለህ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ከአንተ የተረፈኝ ያ ብቻ ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ልትቀደው ትችላለህ፤ መሀል ላይ ልታቋርጠኝ ግን አትችልም።

የምጽፈው ስለ ዶሮዎቹ ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠህ የጫማህን ክር እያሰርክ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እነዚያን ነገሮች ከግቢው አውጣልኝ። ዶሮ ነጋዴውን አነጋግሬዋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ይመጣል፤ እግራቸውን አስረህ ጠብቀው" አልከኝ። "ነገሮች" አልክ። ስማቸውን ታውቃለህ እኮ። ገብስማዋ እመቤት፣ ጥቁሯ ከሰል፣ ቀይዋ ነገረኛ። እህቴ ስም ስታወጣላቸው አጠገቧ ነበርክ። "ነገረኛ" የሚለውንማ በአክስቴ አምሳል ያቀበልካት አንተ ነህ፤ ስቀን ሳንጨርስ አክስቴ በበሩ ብቅ ስትል አንተ መዶሻ የምትፈልግ መስለህ አልጋ ሥር ገባህ።

ያ ቅዳሜ ዛሬ ነው። አንተ ደግሞ በዚህ ሳምንት "ሥራ በዝቷል" ብለህ ቀርተሃል። ሥራ አልበዛም፣ አባዬ። ሹፌሩ ነግሮኛል፤ ሲሚንቶ አልቆ ካርታ ስትጫወቱ ነው የሰነበታችሁት። የቀረኸው ሲወሰዱ እንዳታይ ነው። እኔ እንዳይ ግን ፈረድክብኝ። እግራቸውን የማስረውም እኔ ነኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ "ይኸው ውሰድ" የምለውም እኔ ነኝ። የራስህን እጅ ሰብስበህ የእኔን ላክኸው።

ተናድጃለሁ። "ለአባት እንዲህ አይጻፍም" እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ግን በልና ተቆጣኝ። የሚቆጣኝ ሰው ጠፍቷል። ትምህርት ቤት ሁሉም እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ በጥንቃቄ ነው የሚይዘኝ። ድሮ "ዶሮ ጠባቂው መጣ፣ እንቁላል ደብቁ" እያሉ ያሾፉብኝ የነበሩት ልጆች እንኳ ዝም አሉ። ስድባቸው ናፈቀኝ ብልህ ታምነኛለህ? ባለፈው አንዱን "ለምን አትሰድበኝም?" ብዬ ገፈተርኩት። ዳይሬክተሩ አስጠራኝና ትከሻዬን ይዞ "ይገባኛል፣ ሐዘን ነው" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወላጅ አምጣ ይለኝ ነበር። ወላጅ አምጣ ቢለኝስ ማንን ነው የማመጣው? እማዬ ከምትሠራበት ልብስ ንጽሕና መስጫ ተመልሳ ስትመጣ እጇ በእንፋሎት እንደ ተላጠ ትተኛለች። አንተ የለህም። ስትመጣም የለህም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስህ ነው። ይህን ክፍል እየዘለልክ እንዳታነብብኝ።

እህቴ ዶሮ እንድትገዛላት ሁለት ዓመት ለመነችህ። መጀመሪያ "ዶሮ ይሸታል" አልካት። ፌንጣ ነገሩን ይዛ አደረች። (ፌንጣ ያልካት አንተ ነህ። ሐኪሞቹ ልቧ ቀዳዳ ስላለው አትሩጥ፣ አትዝለል ብለው የፈረዱባትን ልጅ ፌንጣ አልካት። እማዬ ተቀይማህ ነበር፤ እሷ ግን ስሙን ከልብስም ከአሻንጉሊትም አብልጣ ወደደችው።) በማግስቱ ወርክሾፕህ መጥታ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ እያስጎተተችኝ ወጣች። "አንተ ይህን ታቃጥለዋለህ፤ እኔ ከሥራቸው አነጥፈዋለሁ። ሽታው የታለ?" አለችህ።

ቀጥለህ "ድመት ይበላቸዋል" አልክ። እሷም "አባዬ፣ አንተ አናጺ አይደለህም እንዴ? ድመት የሚያስገባ በር ነው የምትሠራው?" አለችህ። ያን ቀን ሠራተኞችህ ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ አይቻለሁ። አንተ ደግሞ መላጊያህን አንሥተህ የተላገ እንጨት መላግ ጀመርክ።

ከዚያ "ጎረቤት ይቆጣል" መጣ። አማላጅ ላከችብህ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ከዘራውን ይዞ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ልክ ለትልቅ ጉዳይ እንደ ተላከ ሰው ሳሎን ተቀመጠና "እኔ ጎረቤቱ ነኝ። አልተቆጣሁም። ወደፊት ከተቆጣሁም በሳምንት ሁለት እንቁላል ያበርደኛል" አለህ። እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች።

አማራጭ ስታጣ "ቀስ በቀስ" ማለት ጀመርክ። ስትጠይቅህ ቀስ በቀስ፣ ስታባብልህ ቀስ በቀስ። አንድ ቀን "ምን ያስቸኩልሻል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?" አልካት። "ሰምቻለሁ። መጀመሪያ እንቁላሉ ይኑረኝና አካሄዱን ለራሱ እተውለታለሁ" አለች። ያን ጊዜ ነው "እሺ" ያልከው። እንጨቱን እየላግክ፣ ቀና ሳትል። "ምን አልክ?" ብትልህ "እሺ አልኩ፤ ሁለተኛ እንዳታስደግሚኝ" አልካት። መዝለል አልተፈቀደላትም፤ ስለዚህ የሰጋቱራው ክምር ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ አፈሰችና ወደ ላይ በተነችው። ፀጉራችሁ ላይ ሁሉ ዘነበ።

አንድ ነገር ብቻ ከለከልክ። "አውራ ዶሮ እዚህ ግቢ አይገባም። ለዚህ ቤት አንድ የሚጮህ ይበቃል፣ እሱም እኔ ነኝ" አልክ። ቃልህን ጠብቀናል። አውራ ዶሮ ገብቶ አያውቅም። አሁንማ የሚጮኸውም ጠፋ።

ከዚያ ደግሞ የዶሮ ቤቱ። ለሰው የማትሠራውን ቤት ለዶሮ ሠራህ። እያንዳንዱን ሳንቃ እያገላበጥክ፣ የሚያምረው ገጽ ላይ በዚያ በወፍራም ቀይ እርሳስህ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች መስመር ትስባለህ። "ይቺ ምን ማለት ናት?" ስትልህ "ፊቱ ይህ ነው፣ እንዳይዞርብኝ ማለት ነው" አልካት። በሩን ከመጠን በላይ ልክ አድርገህ ስለ ሠራኸው በመጀመሪያው ዝናብ አብጦ አልከፈትም አለ። ዶሮዎቹ ውስጥ ያስካካሉ፣ አንተ የገዛ በርህን በዲጂኖ ትፈነቅላለህ፣ ፌንጣ ከንፈሯ እስኪጠቁር ትስቃለች፣ እማዬ "ልትገድላት ነው!" ብላ በጫማ ትወረውርሃለች። ያን ቀን ማንም አልሞተም። ከሳቅ የሚሞት እንደሌለ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የእንጨቱን እንቁላልስ? ዶሮዎቹ በየቦታው እየጣሉ አስቸገሩ፤ በቦት ጫማህ ውስጥ፣ በሚስማር ሳጥንህ ውስጥ። አንተ ምንም ሳትናገር ከወይራ ቁራጭ በቶርኖ እያሽከረከርክ አንድ እንቁላል ቀርጸህ አወጣህ። በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በመካከለኛው፣ ከዚያ ዱቄት በሚመስለው አሻሽተህ በዘይት አብሰህ ጎጆው ውስጥ አስቀመጥክ። "ዶሮ እንቁላል ያየችበት ቦታ ትጥላለች" አልከን። እውነትም ሁሉም እዚያ መጣል ጀመሩ። ፌንጣ "እንጨት መሆኑን አታውቅም ማለት ነው?" ብላ ለዶሮዋ አዘነችላት። አንተም "ታውቃለች። ታግሣን ነው" አልካት። እንዲህ ያለ ነገር ትናገር ነበር። የት ሄደ ያ ሰውዬ?

የመጨረሻውን ረጅም ንግግርህን የሰማሁት የሬሳ ሳጥኑ ሲመጣ ነው። ባልንጀራህ አናጺው ነበር የሠራው፤ አንተ እንድትነካው አልፈቀዱልህም። ዞረህ አየኸውና "ይህ ማዕዘን ልክ አይደለም። ለልጄ እንዲህ ያለ ማዕዘን አታመጡም" ብለህ ጮኽክ። ከዚያ በኋላ "ደህና፣ እሺ፣ በርታ።"

ለቅሶው ላይ አክስቴ ምን እንዳለች ያልሰማሁ መሰለህ? ወንበር ደርድሬ ስመለስ ከኋላችሁ ቆሜ ነበር። "ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይሏል ይሄ ነው። የእነዚያ ዶሮዎች ብናኝ ነው ሳንባዋን የበላው። ደካማ ልጅ ባለበት ቤት ዶሮ ማን እሺ አለ?" አለች። ማን እሺ አለ። አንገትህን ደፋህ። መልስ ትሰጣለህ ብዬ ጠበቅሁ። ሐኪሟ እኮ ከዚያ በፊት ነግራናለች። ሦስታችንም ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ "ልቧ ደክሞ ነው፤ ስትወለድም እንዲሁ ነበር፤ ያደረጋችሁት ወይም ያላደረጋችሁት ነገር የለም" አለችን። እማዬ ስለ ዶሮዎቹ በቀጥታ ጠየቀቻት። "አይደለም" አለች። እንዴት ነው የዓመታት ሐኪሟን "አይደለም" ትተህ፣ ስኳር ልትዋስ ስትመጣ ብቻ የምናያትን እህትህን ያመንከው?

ብዙ አሰብኩበት። መልሱን ሳገኘው ደግሞ ይባስ ተናደድኩ። አንተ ዶሮዎቹን አትጠላም። የምትጠላው "እሺ" ያልክበትን ቀን ነው። ሁለት ዓመት እምቢ ስትላት ኖራ፣ እሺ ስትላት የሞተች መስሎሃል። እነሱን ከግቢ ካወጣህ እሺታህም አብሯቸው የሚወጣ መስሎሃል። አይወጣም! እኔ አይቻታለሁ። እሺ ካልክ በኋላ የነበረውን ጊዜ ከእሷ ጋር ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በፊት ጠዋት ስትነሣ መስኮት ላይ ተቀምጣ የሌሎች ልጆችን ሩጫ ትቆጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የምትነሣበት ነገር ነበራት። ነገረኛን ትገሥጻለች፣ ከሰልን ታባብላለች፣ እመቤትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክፍል ውስጥ የተማርኩትን እንዳስረዳቸው ታዘኛለች። ለሦስት ዶሮዎች ስለ ደም ዝውውር አስረድቻለሁ። "ነገረኛ አልገባትም፣ ድገምላት" ትለኝ ነበር። አንተ ያንን "እሺ" ባትል ኖሮ እሷ መስኮቱ ላይ እንደ ተቀመጠች ነበር የምትሞተው። ከአፍህ ከወጡት ቃላት ሁሉ የሚበልጠውን አሁን ልትውጠው ትፈልጋለህ። እኔ አላስውጥህም።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ላብቃ። ባለፈው ቅዳሜ ራት ላይ "እመቤት የእንጨቱን እንቁላል ታቅፋ አልነሣም ብላለች። እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል፤ እየከሳች ነው፤ እጄን ስዘረጋ ትነክሰኛለች" ብዬ ነገርኩህ። የነገርኩህ ስለ ዶሮዋ ብቻ አልነበረም። አንተ "ምን ይደረግ" ብለህ ተነሣህ። ምን ይደረግ! በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ከቤት ጠፍተህ ዋልክ። ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ከመሄድህ በፊት፣ የዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሦስት መሆናቸውን ልታረጋግጥ ነው፤ ለነጋዴው አንድ እንዳትጎድልበት። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እመቤትን ላነሣት አልሞከርኩም። እህልና ውኃዋን አፍንጫዋ ሥር አስቀምጬላት እሄዳለሁ። ለማይፈለፈል ነገር መቀመጥ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ተውኳት።

እንግዲህ ነጋዴው ሊመጣ ነው። ገመዱን ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። እንዳልከኝ አስራቸዋለሁ። ግን ይህን እወቅ፤ ከዛሬ በኋላ "በርታ" እንዳትለኝ።

. . .

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ከምሳ በፊት ነው። አሁን ፀሐይዋ የዶሮ ቤቱ ጣራ ላይ ደርሳለች። የጻፍኩትን አንድም ቃል አልሰረዝኩም። ይገባሃል፤ አንብበው።

ነገረኛን አሯሩጬ ያዝኳት፤ እጄን ቧጥጣዋለች። ከሰል ራሷ መጣች፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ሁለቱን አስሬ ጥላው ሥር አስቀመጥኩና ወደ እመቤት ገባሁ። ላባዋን ነፍታ አጉረመረመችብኝ። "አንቺም ይቅር በይኝ" ብዬ ሁለት እጄን ከደረቷ በታች ሰደድኩ። ደረቷ ላባ የለውም፤ ቆዳዋ እንደ ትኩሳታም ሰው ግንባር ይፋጃል። አነሣኋት።

ከሥሯ እንቁላሎች አሉ። አንድ አይደለም፣ ሙሉ ጎጆ። ነጫጭ ናቸው። የእኛዎቹ ነጭ ጥለው አያውቁም፤ ሁሌም ቡናማ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ እንቁላል ላይ በቀይ እርሳስ የተሳበች መስመር አለች። ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች።

እመቤትን መልሼ አስቀመጥኳትና እዚያው በጉልበቴ ቀረሁ። ከዚያ አንዱን እንቁላል በሹራቤ ጠቅልዬ እንጨት የምናከማችበት ጨለማ ክፍል ገባሁ። የስልኬን መብራት ከታች አበራሁበት። ፌንጣ "በውስጡ ምን እንዳለ ላየው" እያለች የእኛን እንቁላሎች ሁሉ ታበራባቸው ነበር፤ ሁሌም ባዶ ቢጫ ነበሩ። አውራ ዶሮ በሌለበት ግቢ ሌላ ምን ይሆናሉ? ይህኛው ግን ባዶ አይደለም። ከመሀሉ የተነሡ ቀያይ ክሮች እንደ ዛፍ ሥር ተዘርግተዋል። መሀሉ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ትንቀሳቀሳለች። መጀመሪያ እጄ የተንቀጠቀጠ መስሎኝ እንቁላሉን ሳንቃ ላይ አሳረፍኩት። እጄ አይደለም። እሷው ናት፤ ትመታለች።

ልብ ነው፣ አባዬ። ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ማየት አይቻልም። ግን ይመታል።

ስወጣ ነጋዴው በብስክሌቱ ኋላ ቅርጫቱን ጭኖ በሩ ላይ ቆሟል። "የታሉ? ፀሐይ ሊመታቸው ነው፣ ቶሎ በል" አለኝ። እማዬ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ከለቅሶው ወዲህ ወደ ኋላ ግቢ እግሯ ረግጦ አያውቅም፤ የልብስ ማስጫውን ገመድ እንኳ ወደ ፊት አዛውራዋለች። ፊቴን አየችና "ምን ሆንክ? ማን ሞተ?" አለችኝ። እጇን ይዤ ጨለማው ክፍል አስገባኋት። መብራቱን አበራሁላት። ነጋዴው ደውሉን ሦስቴ አንቃጨለ። እሷ ግን እንቁላሉን በሁለት እጇ እንደ ያዘች "እርሳሱ" አለችና ጣቷን በመስመሯ ላይ አሳለፈች። እንቁላሉን እስክንመልሰው እንዳይበርደው ብላ ብብቷ ሥር አደረገችው።

ከዚያ ወጥታ ነጋዴውን በዚያ በድሮ ድምፅዋ አናገረችው። "ገብስማዋ ታቅፋለች። የታቀፈች ዶሮ ከቦታዋ አትነቃነቅም" አለችው። እሱም "እሺ እሷን ልተዋት። የታሰሩት ሁለቱስ?" አላት። እማዬ ትንሽ አሰበችና "እነሱ አራስ ጠያቂዎች ናቸው" አለችው። አባዬ፣ እማዬ ቀለደች። ነጋዴው ራሱ ሳቀ። ብስክሌቱን እያዞረ ደግሞ "እኔስ ለፍቼ መጣሁ እንጂ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። አባትህ ማክሰኞ ደውሎ፣ ልጄ ከሰጠህ ውሰድ፣ ካልሰጠህ አንድ ቃል ሳትናገር ተመለስ፣ ብሎኛል" አለ።

ይህን ስሰማ ከጠዋቱ ይልቅ ተናደድኩ። ሰኞ ሳይነጋ ዶሮ ቤት የገባኸው ለካ ለመቁጠር አልነበረም። ለዶሮ ነጋዴ የምትነግረውን ለእኔ መንገር እንዴት ያቅትሃል? ሰው ለልጁ መልእክት በዶሮ ሥር ይልካል? ሳምንቱን ሙሉ ገመድ እየቆረጥኩ፣ ስምህን እያማረርኩ፣ ሌሊት ትራሴን እየነከስኩ ነው የከረምኩት። ዶሮዋን እንደፈራኋት ባላነሣት ኖሮስ? ነገረኛና ከሰል ከግቢ ቢወጡስ ኖሮ? አንድ ቃል እኮ ነው። "ተዋቸው።" ሁለተኛ እንዳላስደግምህ እንኳ ቃል እገባልህ ነበር።

አሁን ሁለቱን ፈትቻቸዋለሁ። ነገረኛ ይቅርታ አላደረገችልኝም። እመቤት እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በምንቃሯ አገላብጣ መልሳ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ከእጄ ጥቂት እህል ቀምሳለች። እማዬ ደግሞ ይኸው ጉልበቷን አቅፋ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣለች፤ ለእመቤት ምን እንደምትነግራት ከዚህ አይሰማኝም።

የተፈለፈለ ነገር ምን እንደምናበላው አላውቅም። ለጫጩት የሚሆን ጠባብ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ድመቱም የዋዛ አይደለም። አንተ አናጺ አይደለህም እንዴ? ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቁላሎቹ በእግራቸው የሚሄዱ ከሆነ ማየት ያለብህ አንተ ነህ። ሥራ በዝቷል እንዳትለኝ፤ ሹፌሩን እጠይቀዋለሁ። ከመካከላቸው አውራ ከወጣስ? ሕጉን ያወጣኸው አንተ ስለሆንክ መጥተህ አንተው ፍረድ። እኔ በበኩሌ ለዚህ ቤት አንድ የሚጮህ አይበቃም ባይ ነኝ።

ሌላው ደግሞ፣ የእንጨቱን እንቁላል ፈልጌ አጣሁት። ጎጆው ውስጥ የለም፣ ሰጋቱራውንም በጣቴ አበጥሬዋለሁ። ማን ጋ እንዳለ አልጠይቅም። የያዘው ሰው ግን ኪሱ ውስጥ ከሚስማር ጋር እንዳያደባልቀው። ፌንጣ በየቀኑ በቀሚሷ እየወለወለች ነው እንዲያ ያበራችው፤ ይጫራል።

ወገብህን ያጽናልህ። እጅህን ከመጋዝ፣ ዓይንህን ከብናኝ ይጠብቅልህ። መስኮትህንም ቶሎ ግጠመው፤ ብርዱ እየመጣ ነው። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ በአፏ አይደለም፣ ግን ለሹፌሩ ያንን ወፍራም ካልሲህን ጠቅልላ ሰጥታዋለች።

አሁንም ተቆጥቼብሃለሁ፤ መጥተህ ተቆጣኝ።

ልጅህ፣
የፌንጣ ወንድም